ዘመዶቼ በየከተማው

ጥቅምት 8

ዛሬም ሰልፉ እስከ መናኸሪያው በር። መስታወቱ ላይ ያለችው የድምፅ ቀዳዳ ጠባብ ናት እያልኩ ስንቴ ልናገር? ተሳፋሪው ይጮኻል፣ አልሰማም። እኔ እጮኻለሁ፣ አይሰማኝም። "ቀጣይ!" ስል ውዬ ጉሮሮዬ ቆሰለ። ትኬት መቁረጥ ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመቴ። ሃያ ስድስት ከተማ ሰው እልካለሁ፤ እኔ ራሴ ያየሁት ሦስቱን ብቻ።

ረፋድ ላይ አንድ ሰውዬ መጣ። ሹራቡን ገልብጦ ለብሷል። ትኬት አልፈለገም። በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት መስታወቱ ላይ ደግፎ አሳየኝ። "ኦ ኔጋቲቭ ደም በአስቸኳይ ይፈለጋል። ባለቤቴ ወልዳ ደም እየፈሰሳት ነው።" ከሥሩ ስልክ ቁጥር።

"እዚህ ልለጥፈው?" አለኝ።

"ያለ ኃላፊ ፈቃድ ማስታወቂያ ክልክል ነው" አልኩት። ልማድ ነው… አፌ ከእኔ ቀድሞ ይናገራል።

ወረቀቱን አጥፎ ሄደ። "ቀጣይ!" አልኩ።

ከዚያ… እንዴት ብዬ ልጻፈው? ትኬት እየቆረጥኩ ነው፤ ውስጤ ግን ኦ ኔጋቲቭ፣ ኦ ኔጋቲቭ ይላል። የሆነ ቦታ የማውቀው፣ የረሳሁት ሰው ስም ይመስል። ልጄን የወለድኩ ጊዜ አንዲት አዋላጅ "ደምሽ እንደ ልብ አይገኝም፤ ይህችን ካርድ እንዳትጥያት" ብላኝ ነበር። ትዝ ያለኝ ለምሳ ልነሳ ስል ነው። ቦርሳዬን ገለበጥኩት። አለች። ጠርዟ ተልጦ፣ ግን አለች።

መስኮቱን ዘግቼ ወደ ደም ባንኩ ሮጥኩ። ሰልፈኛው ከኋላዬ ይራገማል።

ሰጠሁ። ደም የምትቀዳው ነርስ፣ ሁሉም "ሲስተር" ነው የሚሏት፣ "ሌላ የምታውቂው ኦ ኔጋቲቭ አለ?" አለችኝ። ማንን አውቃለሁ? "አራት ከረጢት ነው የሚያስፈልጋት" አለች። የኔ አንድ ነው።

ሰውዬው ከመጣ እስክደርስ ሁለት ሰዓት ከሩብ።

ጥቅምት 9

ሞታለች። ልጇ ተርፋለች። ሴት ናት።

ጥቅምት 12

እህል አልወርድ አለኝ። ባለቤቴ "ብዙ አታስቢ" ይላል። ማሰብ መቼ በፈቃድ ሆነ? እሱ ብረት በያጅ ነው፤ የተሰበረ ነገር ሁሉ የሚገጠም ይመስለዋል፣ ደግ ሰው። አማቴ ደግሞ "ደምሽን ለማታውቂው ሰው ሰጥተሽ፣ እንደ ገደለ ሰው ታለቅሻለሽ?" አሉኝ። ለማጽናናት መሆኑ ነው።

ከሥራ ስወጣ ሲስተር ጋ ሄጄ ጠየቅኳት። ሁለት ሰዓት ቀድሜ ብመጣ ትድን ነበር?

"አላውቅም" አለች። "አንቺ ብቻሽን አራት ከረጢት አትሆኚም። ግን አላውቅም።"

አለመዋሸቷን ወደድኩላት።

ጥቅምት 15

ለቅሶ ቤት ሄድኩ። "ምን ብለሽ ትገቢያለሽ?" ብሎኝ ነበር ባለቤቴ። እኔም አላወቅኩም፤ ገባሁ።

ሰውዬው ለካ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ትልቅ ካርታ አለ፤ ከሥሩ ተቀምጧል። ሕፃኗን እህቱ ታቅፋለች። ገና ሳይኝ አወቀኝ።

"የመስኮቷ እህቴ" አለ።

"ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁ።"

"ለምኑ? ሰጥተሽ የለም እንዴ?"

"ከሁለት ሰዓት በኋላ።"

ሕፃኗን ከእህቱ ተቀብሎ አቀፋት። "በዚያ ቀን ስንት ደጅ እንደጠናሁ ታውቂያለሽ? መጥተሽ የሰጠሽው አንቺ ብቻ ነሽ። አንድ ሌላ ተገኝቶ ነበር። ድንጋይ ፈላጭ ነው፣ እንደ ጋራ የገዘፈ ሰው። መርፌውን ሲያይ ራሱን ስቶ ወደቀ። ሲነቃ አፍሮ ወጥቶ ሄደ አሉኝ።"

ጥላቻ ፈለግሁ ድምፁ ውስጥ። አጣሁ።

"ከመቶው ሰው ጥቂት ናቸው ይላሉ" አለ። "ጥቂት ይሁኑ! ግን አሉ። የት እንዳሉ የሚያውቅ ነው የጠፋው። ዕድሜ ልኬን ወንዝና ተራራ የት እንዳለ ሳስተምር ኖሬ… ለሚስቴ የሚሆን ደም የት እንዳለ አላወቅኩም።"

ታክሲ አልያዝኩም፣ በእግሬ መጣሁ። ሃያ ስድስት ከተማ አልኩ ለራሴ። በየከተማው አንድ መናኸሪያ አለ። በየመናኸሪያው አንድ መስኮት። በየመስኮቱ እንደኔ "ቀጣይ!" የምትል አንዲት ሴት…

ጥቅምት 18

ክልክል ነው ስል የኖርኩ ሰው ዛሬ ክልክሉን ላስነሳ ኃላፊዬ ፊት ቆምኩ። "ዛሬ ደም ካስለጠፍኩ ነገ የጠፋ ፍየል ማስታወቂያ ይመጣል" አለኝ። ካርዴን አሳየሁት። አገላብጦ አየው። "የኔ ምን ይሆን?" አለ ቀስ ብሎ።

በምሳ ሰዓት ተመርምሮ መጣ። ኤ ፖዘቲቭ። ዕጣ እንዳልወጣለት ሰው ቅር ብሎት ነበር። ግን ፈቀደ። "ቀለም የተቀባው ላይ በሙጫ እንዳይለጠፍ ብቻ።"

መምህሩ ሃያ ስድስት ወረቀት በእጁ ጻፈ። የሰሌዳ ጽሑፍ ነው፣ ከሩቅ ይነበባል። "ደምዎ ኦ ኔጋቲቭ ነው? እባክዎ ይደውሉልን።" የሱንና የኔን ስልክ። ሾፌሮቹ አንዳንድ ይዘው ሄዱ።

ኅዳር 2

ሁለት ሳምንት። ማንም አልደወለም። አንዱ ደውሎ "ደም ትገዛላችሁ?" አለኝ። አንገዛም ስለው ጆሮዬ ላይ ዘጋው። አማቴ "ውሃ ወቀጣ" አሉ፤ እንዳልሰማ ሆንኩ።

ኅዳር 6

ተደወለ!

ሳህን እያጠብኩ ነበር። የአሮጊት ድምፅ። ከኋላቸው እምምም የሚል ነገር።

"ልጄ፣ ወረቀቱን የለጠፍሽው አንቺ ነሽ?"

"አዎ እትዬ።"

"እኔ ንብ አናቢ ነኝ። ከዛፍ ወድቄ ሆስፒታል የገባሁ ጊዜ ነው ደሜን የነገሩኝ። ኦ ኔጋቲቭ። እንዲህ ያለ ደም ያለኝ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር… ሌላም አለ እንዴ?"

"አለሁ እኔ።"

ከኋላቸው የሚሰማኝ ለካ ንቦቹ ናቸው። ከዚያ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "ታዲያ ዘመዴ ነሻ!"

ሳህኑን የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። አምሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። ከተማቸውን በቀን ሁለቴ እጠራዋለሁ፤ በትኬት ላይ ብቻ። እዚያ ውስጥ የኔን ደም የተሸከመች ሴት ዛፍ ትወጣለች ብሎ ማን አሰበ?

ኅዳር 29

አሥራ ዘጠኝ ሆንን። አንዱ ሐይቅ ዳር መረብ ይጠግናል። አንዷ ፀጉር ትሠራለች። አንዱ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ "አድራሻህ?" ስለው "መንገድ ላይ" አለኝ። መምህሩ ካርታው ላይ በየከተማው ስም ሥር በእርሳስ ይጽፋቸዋል። የሱ ደም ቢ ፖዘቲቭ ነው፤ "ለማኅበሩ የማልረባው እኔ ብቻ" እያለ ይስቃል። ስልኩን ከማንም በላይ የሚያነሳው ግን እሱ ነው፤ ሕፃኗን በአንድ ክንዱ ይዞ።

ሲስተር ደንብ አወጣችልን። ወንድ በሦስት ወር፣ ሴት በአራት ወር አንዴ። ከዚያ በፊት ማንም፣ ለማንም ቢሆን አይሰጥም። ከታማሚ ቤተሰብ ሻይ እንኳ አይጠጣም። ሁሉም በየስልኩ "ተስማምቻለሁ" አለን።

መምህሩ ዛሬ ጠፍቶ ዋለ። ለካ ድንጋይ ፈላጩን ፍለጋ ሄዶ ኖሯል። ምን አልከው? ብዬ ስጠይቀው፣ "ምንም። ድንጋይ ሲፈልጥ አየሁት፣ ሻይ ጠጣን" አለኝ።

"አልተናደድክበትም?"

"ስሄድ ተናድጄ ነበር። ሲያየኝ ማንነቴን ዐወቀና መዶሻውን አስቀመጠ። እንደ ልጅ አለቀሰ እኮ… ያንን ሁሉ አካል ይዞ።"

ታኅሣሥ 11

ማኅበሩን ልናስመዘግብ ሄድን። ጸሐፊዋ ጥፍሯን እየሞረደች ጠየቀችን።

"ቢሯችሁ የት ነው?"

"የለንም" አልኩ።

"ሠራተኛስ?"

"ደመወዝተኛ የለንም፤ ሁላችንም በጎ ፈቃደኛ ነን።"

"ስብሰባ የት ታደርጋላችሁ?"

"አድርገን አናውቅም። ከእኔና ከመምህሩ በስተቀር ማንም ማንንም በዓይኑ አላየም።"

ሞረዱን አስቀመጠች። "እና በምን ተዋወቃችሁ?"

መምህሩ "በደም" አለ። ሴትየዋ ደንግጣ ወደ ኋላ ተሳበች። አስረድተን እስክንጨርስ ፍዳችንን በላን። መጨረሻ ላይ ቅጹን ሰጠችን፤ የአምስት መሥራቾች ፊርማ ይፈልጋል። ቅጂ አይቻልም፣ ፎቶም አይቻልም። በእጅ የተፈረመ አንድ ወረቀት። ከእኔና ከመምህሩ ሌላ ሦስቱ ደግሞ ሦስት ቦታ!

ታኅሣሥ 30

ወረቀቱ ተመለሰ!

አሥራ ስምንት ቀን መንገድ ላይ ነበር። ከሾፌር ወደ ሾፌር፣ ከረዳት ወደ ረዳት። አንዱ ሾፌር ለሌላው ሲያቀብል "ይቺ ከጠፋች አንተም ጥፋ" ይለው ነበር አሉ። ዛሬ ጠዋት በመስኮቴ ገባች፤ ፕላስቲክ ውስጥ፣ በካርቶን መሐል። የንብ አናቢዋ፣ የእትዬ ንብ ፊርማ ተጠማዞ መስመሩን አልፎ ሄዷል። መረብ ጠጋኙ መጻፍ አይችልም፤ አውራ ጣቱን አትሟል። አሻራው ውስጥ የመረብ ክር የበላው ጠባሳ ይታያል።

መስታወቱ ውስጥ ተቀምጬ አየኋት፣ አየኋት። ስንት እጅ ነክቷታል? አንድም ሰው ለምን ብሎ አልጠየቀም?

ሰልፈኛው "እህት፣ አንቀላፋሽ እንዴ?" አለኝ።

ጥር 21

ዛሬን ዛሬ ካልጻፍኩ…

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል። መረብ ጠጋኙ ደወለ። እሱ ያለበት ሐይቅ ዳር፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከግንብ ወድቃ ሆዷ ውስጥ ደም ይፈስሳታል። ኦ ኔጋቲቭ። ሆስፒታሉ ሦስት ከረጢት ይፈልጋል፤ ያለው አንድ። "እኔ የሰጠሁት የዛሬ ሁለት ወር ነው" አለ። "አንዴ ብቻ ደንቡን ልጣስ።" ድምፁ እንደ ለማኝ ነው። ሲስተርን በሌላ ስልክ ያዝኳት። "አይሆንም" አለች። "አንዱን አድናለሁ ብለን ሌላውን አንጥልም።"

እኔስ? አልኳት። ከጥቅምት ስምንት እስከ ዛሬ…

"የካቲት ስምንትን ጠብቂ። አንቺም አይሆንም።"

ለደንቡ ያጨበጨብኩት እኔው! ያን ጊዜ እንዴት ቀላል ነበር።

ለእትዬ ንብ ደወልኩ። የአራት ሰዓት መንገድ ነው ከሳቸው እስከ ሐይቁ። "መንገዱን እኮ ትናንት ናዳ ዘግቶታል፣ አውቶቡስ አያልፍም" አልኳቸው፤ ትኬቱን የመለስኩት እኔ ነኝና አውቃለሁ። "አውቶቡስ አያልፍም እንጂ ሰው መቼ አያልፍም አለሽ?" ብለው ዘጉት።

እዚህ ከተማ የቀረው አንድ ሰው ነው። ድንጋይ ፈላጩ።

መምህሩ ክፍል ውስጥ ነበር። ተማሪዎቹን ለጓደኛው ትቶ እሱን ሊያመጣ ወጣ። እኔም መስኮቴን ለረዳቴ ትቼ ደም ባንክ ሄድኩ። ደርሼ ሳይ ሁለቱ በሩ ላይ ቆመዋል። ድንጋይ ፈላጩ የበሩን መቃን ጨብጦ ይዟል። "ባልችልስ?" ይላል። "እንደዚያ ቀን ብወድቅስ?"

"ተኝተህ ነው የምትሰጠው" አለው መምህሩ። "የተኛ ሰው ወዴት ይወድቃል?"

አስተኙት። አልጋው አጠረው፤ እግሩ ወጥቶ ተንጠለጠለ። ሲስተር መርፌውን ስታነሳ ዓይኑ ተገለበጠ። መምህሩ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ራሱ አዞረው። "እኔን እየኝ። ወንዞችን ልንገርህ። አንድ ወንዝ አለ፣ ከተራራ ይነሳል፣ ባሕር ሳይደርስ አሸዋ ውስጥ ይጠፋል…" ሲስተር ወጋችው። ሰውዬው ጮኸ። "ወዴት ነው የሚጠፋው?" አለ እየጮኸ። "መሬት ውስጥ" አለ መምህሩ፣ "ግን አይቆምም፤ ከሥር ይሄዳል።"

የሞተችው የማን ሚስት ነበረች? ራሱን ስቶ የወደቀውስ ማን ነበር? አንዱ የሌላውን ፊት እንደ ሕፃን ይዞ፣ ቱቦው ቀስ እያለ ሲቀላ… ግድግዳውን ተደግፌ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ምርመራው አልቆ ደሙ በበረዶ ሣጥን ሲታሸግ ስድስት ሰዓት ሆነ። የደም ባንኩ ባለሙያ ሣጥኑን ይዞ ናዳ በሌለበት በሌላኛው መንገድ በሚዞረው አውቶቡስ ተሳፈረ። ትኬቱን እኔ ቆረጥኩለት፤ የፊት ወንበር። ሾፌሩ ተነስቶ ለተሳፋሪው ተናገረ። "ይህ ሣጥን አንዲት ልጅ ጋ ይሄዳል። ለምሳ ከቆምን አርባ ደቂቃ እንዘገያለን። ምን ትላላችሁ?"

አርባ ዘጠኝ ሰው ነው። ሕፃን የያዘች አለች፣ ሽማግሌ አለ። አንድ ከኋላ "ምሳው ይቅር!" አለ። ከዚያ ሁሉም። አንዲት ሴትዮ ዳቦ አውጥታ ለልጆቹ ቆርሳ ማደል ጀመረች።

አሥር ሰዓት ላይ እትዬ ንብ ደወሉ። ናዳውን በእግራቸው ሲሻገሩ፣ ከማዶ የከባድ መኪናው ሾፌር፣ "አድራሻዬ መንገድ ላይ" ያለኝ፣ መምህሩ ደውሎለት ጠብቆ ይዟቸው ሄዷል። በዓይን አይተዋወቁም። "በምን አወቀዎት?" አልኳቸው።

"ናዳ የምትወጣ አሮጊት ሌላ ማን አለ?" አሉኝ። ሰጥተዋል። ጉልበታቸው ተልጧል። "ሣጥኑም ደረሰ" አሉ።

ልጅቷስ?

"ኦፕራሲዮን ክፍል ናት።"

ጥር 22

ተርፋለች። ተርፋለች። ተርፋለች።

እናቷ በመረብ ጠጋኙ ስልክ ደወለች። ማውራት አቃታት፤ እኔም። ሁለታችን ስልክ ይዘን ተላቀስን። መጨረሻ ላይ "የማንን ስም ልጥራ?" አለችኝ። ማንን ልበላት? የአርባ ዘጠኙን ተሳፋሪ ስም ማን መዝግቦታል?

አማቴ ከኋላዬ ቆመው ሲሰሙ ነበር። ነጠላቸውን ደርበው ወጡ። ለካ ደማቸውን ሊያስመረምሩ ነው፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው! ዕድሜው አልፏል ብለው መለሷቸው። "ቀድሞ የሚነግር ጠፋ እንጂ" ብለው ቤቱን ሲያማርሩ ዋሉ።

የካቲት 3

ድንበር ያለችው ከተማ አንድ ሰው ሞተ። ለእሱ ቅርብ የሚባለው ሰው የሁለት ቀን መንገድ ላይ ነበር። አልደረስንም።

የካቲት 4

መምህሩ የዚያችን ከተማ ስም በእርሳስ ከቦታል። ከሥሩ ማንም የለም። "እዚህ አንድ ሰው አለ" አለኝ። "እስካሁን ራሱን አያውቅም እንጂ አለ።" ወረቀቱን የሚለጥፍልን ሾፌር ነገ ይሄዳል።

የካቲት 8

ሰጠሁ። አጠገቤ ያለው አልጋ ላይ ድንጋይ ፈላጩ ተቀምጦ ያወራኛል፤ ተራው አልደረሰም፣ እኔን ሊያበረታታ መጥቶ ነው! ስለዚያ አሸዋ ውስጥ ስለሚጠፋው ወንዝ ነገረኝ። ግማሹን ረስቶታል። ከራሱ ጨመረበት።

መጋቢት 17

መቶ አርባ ሆነናል። ፀጉር ሠሪዋ ሐሳብ አመጣች፤ አንድ ቀን ሁላችንም አንድ ቦታ እንገናኝ፣ እንተያይ። ሁሉም ደስ አለው። እኔማ ልቤ ቀድሞ ሄደ። ሲስተር ግን ስትሰማ ጮኸች። "አብዳችኋል? ሁላችሁም በአንድ አውቶቡስ ተሳፍራችሁ ብትገለበጡ ማን ለማን ይሰጣል?"

ስቀን ልንሞት። ግን እውነቷን ነው። ዋጋችን መበታተናችን ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? የኛ ድር ግን ካልተዘረጋ አያስርም። ሳንተያይ ልንኖር ነው። ይከፋል? ትንሽ ይከፋል።

ሰኔ 5

ስልኩን አከፋፈልን። ከእንግዲህ የደቡቡን ፀጉር ሠሪዋ፣ የሐይቁን ዙሪያ መረብ ጠጋኙና ልጁ፣ የምሥራቁን አንዲት የማላውቃት ፋርማሲስት ትይዛለች። መምህሩ "ደክሞሻል፣ እኔም ልጅ ላሳድግበት" አለኝ። እሺ አልኩ፤ ቅር አለኝ። ዛሬ አንድም ጊዜ አልተደወለልኝም። ስልኬ ተበላሽቶ ይሆን ብዬ ባለቤቴን ደውልልኝ አልኩት። ይሠራል።

ምን ሆኛለሁ? የኔ እንዲሆን ነው እንዴ የፈለግሁት?

ነሐሴ 20

ድንበር ያለችው ከተማ ሁለት ሰው ተገኘ። ወንድምና እህት፤ ዳቦ ጋጋሪዎች። መምህሩ ደውሎ ሳይነግረኝ ትንፋሹ ነገረኝ።

ኅዳር 3

አማቴን ዓይን ላሳክም፣ ከኛ የሰባት ሰዓት መንገድ ያለ ከተማ ይዣቸው መጣሁ። አራተኛዋ ያየኋት ከተማ። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ወረፋ ስንጠብቅ አንዲት ወጣት መጥታ አጠገባችን ተቀመጠች። ሃያ ሁለት ቢሆናት ነው። ክንዷን አጥፋ ጥጥ ይዛለች።

"ምን ሆነሽ ነው የኔ ልጅ?" አሏት አማቴ።

"ደም ሰጥቼ ነው እማማ። አንድ የኩላሊት ታማሚ አለ፣ ኦ ኔጋቲቭ። ጠዋት ተደወለልኝ።"

"ማን ደወለልሽ?" አልኩ።

"ማኅበር አለን። አታውቁትም?" ወደኔ ዞረች። ከዚያ አስረዳችኝ። በጣቷ እየቆጠረች፣ ቀስ ብላ፣ ለማይገባው ሰው እንደሚያስረዱ። ቢሮ የለንም። ደመወዝ የሚበላ የለም። በአካል አንተዋወቅም። "ደግሞ ሁላችንም በአንድ መኪና አንሳፈርም" አለችና ሳቀች። "እሱ ደንብ ነው።"

የሲስተር ቀልድ ደንብ ሆኗል!

"ማን ጀመረው?" አልኳት። ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም። አውቃለሁ።

ትከሻዋን ነቀነቀች። "እንጃ። አንዳንዱ አንዲት ንብ አናቢ ናት ይላል። አንዳንዱ ሾፌሮች ናቸው ይላል። ድሮ ነው መሰለኝ።"

ድሮ! አንድ ዓመት እኮ ነው!

አማቴ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ጉልበታቸውን ጨበጥኩ። ጠበቅ አድርጌ። በታመመ ዓይናቸው አፍጥጠው አዩኝ፤ ተረዱኝ። ከንፈራቸውን ነክሰው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

"እርስዎስ?" አለችኝ ልጅቷ። "ደምዎን ያውቁታል?"

"ኦ ኔጋቲቭ" አልኩ።

ዘላ ተነሳች። ጥጡ ወደቀ። ኮሪደሩ ሁሉ ዞሮ አየን። "በሞትዎ! በእውነት?" ልታቅፈኝ መጣች፤ አቀፈችኝም። ከዚህ በፊት አይታኝ የማታውቅ ልጅ፣ የሆስፒታል ሳሙና የምትሸት፣ አንገቴ ሥር ገብታ "እንኳን ተገኙ፣ እንኳን ተገኙ" ትለኛለች። በሕይወቴ እንዲህ ብሎ የተቀበለኝ ሰው የለም። ስወለድም እንዲህ የተባለልኝ አይመስለኝም።

ከቦርሳዋ ደብተር አወጣች። ስሜን፣ ከተማዬን፣ ስልኬን ጻፈች። መጨረሻ የሰጠሁት መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጥቅምት መጀመሪያ አልኩ። "እንግዲያው እስከ የካቲት ማንም ቢለምንዎ እንዳይሰጡ" አለችኝ፤ ጣቷን ቀስራ፣ ቆጣ ብላ። ሲስተርን ቁርጥ!

"አራት መቶ አሥራ ሁለተኛ ነዎት" አለች። ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ መዳፌ ላይ አስቀመጠችና ጣቶቼን አጠፈቻቸው። "መጀመሪያ ሲደወልልዎ ይደነግጣሉ፤ እኔም ደንግጬ ነበር። አይፍሩ። ብቻዎን አይደሉም፣ ብዙ ነን።"

እሺ አልኩ።